በብስክሌት ማኅበሩ የቀረብኝ ተራ

ዝናቡ ጋብ ያለበትን ሰዓት ልጠቀም ብዬ ወደ ወፍጮ ቤት ስሄድ ማስቲሽ ሸተተኝ። ከባጃጅ ማቆሚያው ማዶ ጎማ ጠጋኙ ደሴ ከላስቲክ ዳሱ ሥር ቁጢጥ ብሎ፣ የተነፈሰ ጎማ በሞረድ እየፋቀ ሙጫውን በጣቱ ይቀባል። እግሬ አልሄድ አለኝ። ሌላው ሰው ሟቹን የሚያስታውሰው በፎቶው ነው፣ በጋቢው ነው፤ እኔ ባለቤቴን ሞላን የማስታውሰው በማስቲሽ ሽታ ነው። ሞላ ልብስ ሰፊ ነበር። ልቡ ግን ከስፌት መኪናው ይልቅ ለብስክሌቱ ያደላ ነበር። ራት ሲያጎርሰኝ እንኳ ጣቱ ማስቲሽ ማስቲሽ ይላል። "ኧረ እጅህን ታጠብ" ስለው፣ "ታጥቤያለሁ፤ ይኼ የማይለቅ ነው" ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። ይኸው እሱ ካለፈ ስንት ክረምት አለፈ፣ ሽታው ዛሬም አልለቀቀኝም።

ደሴ ቀና ብሎ አየኝና፣ "እማማ የሻረግ፣ ምን ጠፋዎት?" አለኝ።

"ምንም አልጠፋኝም። ሥራህን ሥራ" አልኩት።

ግን ጠፍቶኛል፤ የጠፋኝንም አውቀዋለሁ። በዚህ ከተማ የብስክሌት ማኅበር ውስጥ አንድ ተራ ቀርቶብኛል። ይኼን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ልጆቼም ዕድሜ ነው እያሉ እርስ በርስ ይጠቃቀሳሉ። እኔ ግን ስንት ትልልቅ ነገር ረስቼ ይቺን መርሳት አቃተኝ። ባስታወስኳት ቁጥር ዛሬ የተደረገብኝ ይመስል ደሜ ይፈላል።

ያን ጊዜ ከተማችን መካነ ኢየሱስ እንዲህ በባንክና በሕንፃ አልተሞላችም። መንገድ የሚባለው ከቤተ ክርስቲያኑ ወርዶ፣ ገበያውን በጎን ትቶ፣ ወደ ስማዳ የሚያመራው ነበር። ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ፣ ጥጉ ላይ አንድ ሻይ ቤት፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሣጥን የሚያህል ራዲዮ። ዘፈን ሲጀምር ገበያተኛው አህያውን እንደያዘ በር ላይ ይቆማል፤ ዜና ሲጀምር ይበተናል። ሻይ በዐሥር ሳንቲም ነው፤ ዳቦ ከተጨመረበት በስሙኒ ጠግበህ ትነሣለህ። ዛሬ በስሙኒ ምን ይገኛል? ስሙኒው ራሱስ የት አለ? ወንዱ ካኪ ቁምጣና ካኪ ኮት ነው የሚለብሰው። ከተሜ ነኝ ባዩ ደግሞ ከታች እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ ቤልቦተም ሱሪ ይለብስና ጭቃውን ሁሉ እየጠረገ ይሄዳል። ጫማችን የላስቲክ ኮንጎ ነው፤ ውኃ ሲገባበት እንደ እንቁራሪት ይጮኻል። ሦስት ሴቶች አብረን ከገበያ ስንመለስ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ኩሬ መጣ ይል ነበር። አሁን ኮብልስቶን ነው ብለው ግማሹን አንጥፈው ግማሹን ጥለውት ሄዱ፤ ለእግሬ ከጭቃው የባሰው ይኼ ነው።

ብስክሌት የነበራቸው ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዱ የጤና ጣቢያው ድሬሰር አቶ ታደገ ነው፤ ቀጠን ያለ፣ ቁጡ ሰው። ሌላው ቤልቦተም የማያወልቀው አስተማሪ ነው፤ ሱሪው በየመንገዱ ሰንሰለቱ ውስጥ እየገባ ስለሚያስቸግር ቁርጭምጭሚቱን በሲባጎ ያስር ነበር። መሪጌታም ነበሩ፤ ከጋይንት፣ ከቤተ ልሔም ድጓ አስመስክረው የመጡ። ጥምጥማቸውን ሳይፈቱ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ብስክሌት ላይ ሲወጡ ያየ ሰው ያማትብ ነበር፤ ፈርቶ ይሁን ተባርኮ እንጃ። ሞላም ነበረ። እነዚህና ሌሎች ጥቂቶች ሆነው አብረን እንንዳ፣ አንዱ ሲሰበርበት ሌላው ይርዳው ተባባሉ። ክበብ፣ ክለብ የሚባል ነገር አያውቁም። ሰው ተሰባስቦ የሚተዳደርበት ሥርዓት ብለው የሚያውቁት የጽዋ ማኅበርን ነው። ስለዚህ የብስክሌት ማኅበራቸውን በሚካኤል ስም አቆሙት። ታደገን ሙሴ አሉት፣ አለቃ ማለት ነው። ጽዋው በየወሩ በሚካኤል ቀን ከቤት ቤት ይዞር ጀመር።

አንድ ነገር ብቻ ከራሳቸው ጨመሩ። የዕለቱ ተረኛ ዳቦውንና ጠላውን ያዘጋጃል፤ ማኅበሩ ተሰብስቦ ሲወጣም ከፊት የሚነዳው እሱ ነው። ተረኛ አይቀደምም። ቸኩሎ ያለፈ ወደ ጭራ ይመለሳል፤ የቀረውን መንገድ ከሁሉም ኋላ ሆኖ ጭቃ ሲረጭበት ይውላል። አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ነበር፣ ወፍራም። እሱ ተረኛ የሆነ ቀን ሰልፉ እንደ ቀብር ነው የሚሄደው። ታደገ ከኋላ ጥርሱን ያንቀጫቅጫል፤ "ኧረ ርገጥ ሰውዬ፣ በሬ እንኳ ይቀድምሃል!" ይላል። ወፍራሙ ሰውዬ ግን፣ "ተራዬ ነው፤ ካሰኘኝ ቆሜ አድራለሁ" ብሎ ቃጭሉን ኪልል ያደርጋል። ማንም አያልፈውም። እኔ ከደጄ ቆሜ ይኼን ሳይ ልቤ ይሰረቅ ነበር። አንድ ሰው ለአንድ ቀን ከፊት ሲሆን፣ ድሬሰሩም አስተማሪውም በእሱ ፍጥነት ሲሄዱ።

የሚነዱት በክረምት ብቻ ነው። ሰው እብዶች ናቸው ይል ነበር፤ ግን ምክንያት አላቸው። በጋ አስተማሪው ያስተምራል፣ ሞላ የሠርግ ልብስ ይሰፋል፣ የጭነት መኪኖች ደግሞ መንገዱን አቧራ ያደርጉታል። ሰኔ ሲገባ መኪናው ይቀራል፤ መንገዱ የማኅበሩ ይሆናል። ታደገም መድኃኒቱን በላስቲክ እየጠቀለለ ለሁሉም ያከፋፍላል፣ በየመንደሩ ወባና ተቅማጥ የያዘው ሰው ቤት ያደርሳሉ። ለዚህ ነው ሕዝቡ ቢስቅባቸውም የሚወዳቸው። ጭቃው ጎማው ላይ ይጠቀለልና አልዞር ይላል፤ ያን ጊዜ ወርደው በእንጨት ይፍቃሉ፣ ጥቂት ይነዳሉ፣ ደግሞ ይፍቃሉ። ዳገት ላይ ብስክሌቱን ይሸከሙታል። "ብስክሌት ነው እናንተን የሚጋልበው ወይስ እናንተ ናችሁ እሱን?" ትላቸዋለች አንዲት ጠላ ሻጭ። መሪጌታ ከመሃል ሆነው በዜማ ያነሣሉ፤ ሌላው እግሩን በዜማው ያስኬዳል። ዜማው ሲረዝም ፔዳሉ ይረዝማል፣ ሲያጥር ያጥራል። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በኋላ ሰምቼ አላውቅም። ዛሬ ወጣቶቹ ጆሯቸው ውስጥ ጉትቻ የመሰለ ነገር ሰክተው ሁሉም የየራሱን ይሰማል።

ሞላ አንድ ክረምት ከስማዳ በኩል ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እንቢ አለውና ከነብስክሌቱ ቦይ ውስጥ ገባ። ጉልበቱ ዳነ ሲባል ደርቆ ቀረ። የስፌት መኪናውን በአንድ እግሩ ይረግጣል፤ ብስክሌት ግን አበቃለት። መስከረም ሚካኤል ቀን ታደገ ቤት ማኅበር ተቀምጠው ሳለ ሞላ ተነሣና፣ "ማኅበሬን የሻረግ ትያዝልኝ" አለ።

አስተማሪው ጠላው ትን አለው። "አያ ሞላ፣ ብስክሌት እኮ ነው! እንስራ መሸከም መሰለህ?"

እኔ ዳቦ ለመቁረስ ከጓዳ በር ላይ ቆሜ ነበር። "እንስራው መቼ ቀለለና?" አልኩት። "አንዴ እንኳ ተሸክመህ ብታውቅ ዳገት ላይ ብስክሌትህን ለሰው አታሸክምም ነበር።"

ሳቁብኝም፣ ሳቁልኝም። ታደገ ግን አልሳቀም። ወደ መሪጌታ ዞሮ፣ "እስኪ እርስዎ ይበሉ። ይኼ ይሆናል?" አለ።

መሪጌታ ጽዋቸውን ጨርሰው፣ አፋቸውን ጠርገው፣ "እኔን ምን አድርግ ትለኛለህ?" አሉት። "ማኅበር ነው ስትሉ ማኅበር ነው አልኩ። ባል ሲያቅተው የባሏን ማኅበር ሚስት ትይዛለች። እናትህም የአባትህን ይዘው የለም ወይ? ይኼ እንዲቀር ከፈለጋችሁ መጀመሪያውኑ ሚካኤልን ባልጠራችሁት።"

ሥርዓቱን ከጽዋ ማኅበር ሲያመጡት ሁሉንም አመጡ እንጂ ይኼኛውን ለይተው አላስቀሩትም። ብስክሌት መሆኑን እያሰቡ ሚስቶች መኖራቸውን ረስተው ኖሯል። ታደገን እንዲህ ሲጨንቀው አይቼ አላውቅም። "እንግዲህ መንዳት ከቻለች" አለ በመጨረሻ፤ አትችልም ብሎ ነው።

ጥር ላይ አውድማው ባዶ ሲሆን ሞላ ወስዶ አስተማረኝ። እሱ በትሩን ተደግፎ መሃል ላይ ይቆማል፤ እኔ እህል እንደሚያበራይ በሬ ዙሪያውን እዞረዋለሁ። ብወድቅም ገለባ ነው። ሱሪ ከካኪ ሰፍቶልኛል፣ ከላይ ቀሚሴ አለ። ሴቶቹ ከግቢያቸው አጥር ላይ ሆነው፣ "የሞላ ሚስት ታበራያለች! ምርቱ ስንት ጫነ?" ይሉኛል። እንዲያ እየዞርኩ ስለ ለመድኩ ወደ ግራ ብቻ ነበር መታጠፍ የምችል። ወደ ቀኝ ለመሄድ ሦስት ጊዜ ወደ ግራ እዞራለሁ። ሞላ ይኼን ሲያይ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ይቀመጣል። ሆኖም ሰኔ ሲደርስ ቀኙንም ቻልኩት፤ ዳገቱንም ቻልኩት። ከሰልፉ መሃል፣ ከመሪጌታ ቀጥሎ ሆኜ፣ የእርጥብ መሬት ሽታ እየሸተተኝ፣ የመድኃኒት ጥቅል ከኋላዬ ታስሮ ስነዳ አንድ ጊዜ አንዲት አሮጊት ከደጇ ወጥታ፣ "ልጄ፣ ከየት አገር ነው የመጣሽ?" አለችኝ። "ከዚሁ ነኝ፣ የሞላ ሚስት ነኝ" ስላት አላመነችም። እኔ ራሴ ያን ዕለት አላምንም ነበር።

ተራዬ ሐምሌ ሚካኤል ላይ ወደቀ። ጠላውን ጠመቅሁ፣ ዳቦውን ጋገርኩ፣ ሞላ ፍሬኑን ሠራው፤ ከፊት ልነዳ ነው። ከሌሊት ጀምሮ ዘነበ። ጠዋት ታደገ ጃንጥላ ይዞ መጣና፣ "ዛሬ አይወጣም፣ ለነሐሴ ይዙር" አለ። ከዚህ በባሰ ዝናብ ለወፍራሙ ሰውዬ ወጥተው ያውቃሉ። ቢሆንም ግቡ አልኳቸው። ቤቴ ገብተው ዳቦዬን በሉ፣ ጠላዬን ጠጡ፤ ሲመርቁኝም ተስማምተው ነው። ነሐሴ ሲደርስ ደግሞ ፍልሰታ ነው፣ ጾም ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀመስ ዳገት አይወጣም አሉ። አስተማሪው፣ "አምና ጾሜን ወጥቼ ዓይኔ ጭልም ብሎብኝ አልነበር?" ይላል። አምና ግን ወጥተዋል! ጨልሞበትም አብረው ወጥተዋል! "ለከርሞ ይሁንልሽ" አሉኝ።

ከርሞ ደረሰ፤ ነፍሰ ጡር ሆንኩ። የመጀመሪያ ልጄ ናት። ታደገ የሕክምና ሰው ነኝ ብሎ፣ "እርጉዝ ሴት ብስክሌት ላይ አትወጣም፣ ያስወርዳታል" አለ። እኔ በዚያው ሰሞን ሆዴን ይዤ ከምንጩ ውኃ በእንስራ ዳገት አወጣ ነበር። ያን ጊዜ ማንም ሕክምና አልነገረኝም። ሞላም፣ እሱ እንኳ፣ "ተይው የሻረግ፣ ለከርሞ" አለኝ። ከሁሉም በላይ ያ ቆረጠኝ። ራት አቀረብኩለትና አብሬው አልበላሁም። "ምን ሆንሽ?" ሲለኝ "ጠግቤያለሁ" አልኩት። አልጠገብኩም ነበር።

በሦስተኛው ክረምት ልጄን አዝዬም ቢሆን እነዳለሁ ብዬ ጨረስኩ። ሰኔ ሚካኤል ነው፤ ሰማዩ ጠርቷል፤ ዳቦው ደርሷል። እነ ታደገን ስጠብቅ የመጡት ሌሎች ሆኑ። ዘመኑ ተለውጦ ነበር፤ ስለ ዘመኑ ብዙ አላወራም፤ የኖረ ያውቀዋል። ሰው ሲሰበሰብ ለምን ተሰበሰባችሁ የሚባልበት ጊዜ ነው። ብስክሌት ለመንግሥት ሥራ ይፈለጋል ብለው ከየቤቱ እየገፉ ወሰዱ። የመሪጌታን ሲወስዱባቸው፣ "ውሰዱ፤ ዳገት ላይ ግን እንደምትሸከሙት አትርሱ" ብለው አሳቁ ይባላል። ሞላ ግን ወሬውን ቀድሞ ሰምቶ የእኛን በታትኖት ኖሯል። መሪው ከቆጡ ላይ፣ ጎማው ከጎተራው ኋላ። "ብስክሌት የለኝም፣ ብረት ነው ያለኝ" አላቸው። ዐይተው ሄዱ። ዳቦዬን ለጎረቤት አካፈልኩ። ማኅበሩ በዚያው ቀረ። ከዚያ ታደገ ተዛወረ፤ አስተማሪው የት እንደ ደረሰ አይታወቅም፤ መሪጌታ አረፉ፤ ሞላም አረፈ። ሁሉም ተራቸውን ነድተው ሄዱ።

ይኼን ሁሉ የማስታውሰው ደሴ ፊት ለፊት እንደ ቆምኩ ነው፤ ገብሴ ጀርባዬ ላይ ነው። ደሴ የሚጠግነውን የባጃጅ ጎማ ነው ብዬ ነበር፤ ለካስ የብስክሌት ኖሯል። ባለቤቱ አጠገቡ ቆሟል፤ ገላው ላይ የተጣበቀ አረንጓዴ ልብስ የለበሰ፣ የራስ ቁሩ እንደ ኤሊ ድንጋይ የሆነ ወጣት። አንተነህ ይባላል፤ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ የዚያ የወፍራሙ ሰውዬ የልጅ ልጅ ነው። እሱ ግን ሲበዛ ቀጭን ነው።

"ብስክሌት ነው?" አልኩት።

"አዎ እማማ። የብስክሌት ክለብ አቋቁመናል እኮ። ለክረምቱ ተማሪው ሁሉ መጥቷል፤ እሑድ በግሩፕ ወደ ስማዳ መንገድ እንወጣለን።"

"ማን ነው ከፊት የሚነዳው?"

"እ? የቀደመ ነዋ።"

"የቀደመ!" አልኩት። "ተረኛ የላችሁም?"

ሳቀ። እኔ ግን ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሚካኤልን፣ ሙሴውን፣ ተረኛ አይቀደምምን፣ አያቱ ቃጭል እየመቱ ታደገን ሲያቃጥሉት የነበረውን። አያቱ ጋ ስደርስ ልጁ በጣም ደስ አለው። በማግሥቱ ሁለት ጓደኞቹን ይዞ ቤቴ መጣ፤ አንደኛው ናቲ የሚባል፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይችል ልጅ ነው። ስልካቸውን ፊቴ ላይ ደቅነው፣ "እማማ፣ የመጀመሪያዋ ሴት ብስክሌተኛ እርስዎ ነዎት፤ እስኪ ያውሩልን፣ ቪድዮ እንለቀዋለን" አሉኝ። አወራሁ። የሞላን ብስክሌት ብረቶች ከቆጥ አውርደው ፎቶ አነሡ። እሱንም ቻልኩ። ሲጨርሱ፣ "እንግዲህ የቀረችኝን ተራ እሑድ ስጡኝ" አልኳቸው።

ናቲ አንተነህን አየው።

"እማማ፣ ጉልበትዎ..." አለ አንተነህ።

"አልነዳም። እየገፋሁ እሄዳለሁ። ከፊት ግን እኔ ነኝ።"

"እንዴ፣ እየገፉ?" አለ ናቲ። "እንዲያማ ከሆነ ስማዳ የምንደርሰው ለገና ነው!"

አንተነህ በክርኑ ጎሰመውና፣ "ባጃጅ እንመድብልዎታለን፣ ከፊት ከፊት ይመሩናል፤ ባንዲራ እናደርግበታለን" አለኝ። ባጃጅ! የፌስታል ድንች ይመስል ተጭኜ! አልፈልግም ስለው ጭንቅላቱን አከከ። ከዚያ ያቺን ቃል አመጣት። "በቃ ለከርሞ እናደርገዋለን። መንገዱም ይሠራል፤ በደንብ ተዘጋጅተን፣ ስፖንሰር ፈልገን።"

ለከርሞ! እንደ ውሻ ሊያባርራቸው የቃጣውን ልቤን ይዤ ሸኘኋቸው። ደግ ልጆች ናቸው፤ ክፋት የላቸውም። ታደገም ክፋት አልነበረውም። እኔን ለዚህ ያደረሰኝ ክፉ ሰው አይደለም፤ ደግ ደጉ ሰው ነው በከርሞ ያስረጀኝ። በዚህ ዕድሜዬ ከርሞን ለማን አበድራለሁ? ደሴን አስጠርቼ፣ "ይኼን ብረት ግጠምልኝ" አልኩት። ጎማው ተሰነጣጥቋል፣ ሰንሰለቱ ዝጓል። ደሴ ሲገጥም ሲያጠብቅ ዋለ፣ ቤቱ ሁሉ ማስቲሽ ማስቲሽ አለ። "እማማ፣ ለሽያጭ ነው?" ይለኛል። "ለመንገድ ነው" አልኩት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዬን አጥብቄ አጣፋሁ፣ ቦቲዬን አደረግሁ፤ ዳቦ አልጋገርኩም፤ የጋገርኩት ሁሉ ያለ ተራዬ ሲበላ ኖሯል። ብስክሌቱን ይዤ ከነሱ ቀድሜ ወጣሁ። ደግነቱ ብስክሌት ሲገፋ ምርኩዝ ነው። ከከተማው ወጣ እንዳልክ መንገድ እንሠራለን ያሉት ሰዎች ገረጋንቲ ቆልለው ጥለውት የሄዱበት አለ። በአንድ ወገን ቁልሉ ነው፣ በሌላው ወገን ውኃ የሞላው ቦይ ነው፤ መሃሉ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያሳልፍ። እዚያ ውስጥ ስገባ ቃጭላቸውን ከኋላዬ ሰማሁት። ብዙ ናቸው። ጎማው ጭቃውን ሲልጠው፣ ሲሳሳቁ፣ ከዚያ ፍሬን ሲይዙ።

"እማማ!" አለ አንተነህ። "ምን ሆነው ነው? ዳር ይያዙልን፣ እንለፍ።"

"ዳር የለውም።"

"እሱማ የለውም። ወዴት ነው የሚሄዱት?"

"ስማዳ መንገድ ነው የምሄደው። ማኅበሩ ወደዚያ አይደል?"

ከኋላ ያሉት፣ "ምንድን ነው? ማነው የቆመ?" ይላሉ። እኔ አልቆምኩም፤ እየሄድኩ ነው። ቀስ እላለሁ እንጂ እሄዳለሁ። ጎማዬ ላይ ጭቃው ሲጠቀለል ቆሜ በእንጨት እፍቃለሁ፣ ደግሞ እገፋለሁ። ያ ሁሉ አረንጓዴና ቀይ ልብስ፣ ያ ሁሉ ውድ ብስክሌት አንድ እግሩን መሬት እያስነካ ከኋላዬ ይንፏቀቃል። መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ አንዷ ልጅ፣ "ቪድዮ ቅረጹ" አለች። ቀጥሎ ግን ሳቁ ቀረ፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ ካፊያ ጀመረ።

ገረጋንቲው ሲያልቅ መንገዱ ሰፋ። እንግዲህ የፈለገ ያልፋል። ወደ ኋላ አልዞርኩም፤ መሪውን ይዤ ጆሮዬን ብቻ አቆምኩ። ወዲያው በቀኜ በኩል ሽው አለ። ናቲ ነው፤ ተጎንብሶ፣ ጭቃውን ቀሚሴ ላይ እየረጨ፣ አልፎኝ ሄደ። እንዲህ እንደሚሆን አውቄው ነበር። ቢሆንም የሰማዩ ካፊያ ነው የዓይኔ ነው እንዳይለይ ጎንበስ አልኩ።

"ናቲ!" አለ አንተነህ ከኋላዬ። "ተመለስ!"

"ኧረ በናትህ! እንዲህ እየተጎተትን መቼ ልንደርስ ነው?"

"ተመለስ አልኩህ። ተረኛ አይቀደምም። ወደ ጭራ!"

ናቲ ሩቅ ደርሶ ነበር። አንድ እግሩን መሬት አድርጎ ቆመ፣ ሰማዩን አየ፣ እኛን አየ። ከዚያ አዙሮ መጣ። በአጠገቤ ሲያልፍ ፊቱ ጭቃ ብቻ ነው፤ "ይኼ ደግሞ ምኑ ስፖርት ነው፣ ጤፍ አረም መሰላቸው እንዴ" እያለ ያጉረመርማል። እማማ አላለኝም። አልሳቀልኝም፣ እጅ አልነሣኝም፣ ስልኩንም አላወጣም። ከአንጀቱ ነው የተናደደው። የአያት እሽሩሩ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይናደድም ነበር። ሰው እንዲህ የሚናደደው በእውነተኛ ተረኛ ላይ ብቻ ነው፤ ታደገ በአንተነህ አያት ላይ እንደ ተናደደው።

ዳገቱ ከፊቴ ነው። ጉልበቴ ወግቶኛል፤ ቦቲዬ ውኃ ገብቶበታል። ከኋላዬ አንዱ፣ "እማማ፣ ትንሽ ፈጠን ይበሉ እንጂ!" አለኝ።

አልፈጠንኩም።